የሂሳብ አያያዝ ምሩቃንና የመንግሥት መዝገብ

የፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበውን ሪፖርት የሚከታተል ሰው ከዓመት ዓመት የሚደጋገሙ ጥቂት አገላለጾችን ያስተውላል። በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ማስረጃ ያልቀረበለት ወጪ፣ ከግዥ ሕጉ ውጪ የተፈጸመ ግዥ፣ ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት የሚሉት በየጊዜው ይሰማሉ። ሪፖርቱ የሚቀርበው በኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 መሠረት ነው። አንቀጹ ዋና ኦዲተሩ የፌዴራል መንግሥት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችንና ሌሎች መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ እየመረመረ፣ የተመደበው ዓመታዊ በጀት ለተፈለገው ሥራ በሚገባ መዋሉን እንዲያረጋግጥ ኃላፊነት ይሰጠዋል።

ከእነዚህ ግኝቶች የአብዛኛዎቹ መነሻ ሲፈለግ የሚደረስበት ቦታ ግን ከምክር ቤቱ አዳራሽ ብዙ የራቀ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ክፍል፣ ወይም በአንድ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሚገኝ አንድ ጠረጴዛ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ባለሙያ በአመዛኙ ከዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘ፣ አለዚያም ከቴክኒክና ሙያ ተቋም በደረጃ የተመረቀ ወጣት ነው። ይህ ወጣት ምን ተምሮ እንደመጣ፣ ምን ሳይማር እንደመጣ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ለትምህርት ተቋማት ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በክፍያ ማዘዣ ላይ የሚፈርም ማንኛውም የሥራ ኃላፊ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተዋል።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። “ሂሳብ” የሚለው ቃል በአማርኛ የቁጥር ትምህርትንም፣ የሚከፈል ዕዳንም፣ በመዝገብ የሚሰፍር የገንዘብ እንቅስቃሴንም ይገልጻል። በዚህም ምክንያት በቁጥር ትምህርት ጎበዝ የሆነ ልጅ አካውንቲንግ ቢያጠና ይሻላል ተብሎ ሲመከር መስማት የተለመደ ነው። በተግባር ግን ሙያው ከአራቱ የስሌት ዓይነቶች የዘለለ የቁጥር ዕውቀት የሚጠይቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዝቶ የሚጠይቀው የገንዘብ ልውውጡ ምንነት ምን እንደሆነ፣ መቼ መመዝገብ እንዳለበት፣ በየትኛው የሂሳብ መደብ እንደሚሰፍርና በምን ማስረጃ እንደሚደገፍ የመወሰን ችሎታን ነው። ስለሆነም ሙያው ለስሌት ካለው ቅርበት ይልቅ ለሕግ ያለው ቅርበት ይበልጣል ማለት ይቻላል።

ትምህርቱ በኢትዮጵያ መሠረት ከያዘባቸው ተቋማት ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዘው በ1935 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተውና ሕዝቡ እስካሁን “ኮሜርስ” እያለ የሚጠራው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ይህ ተቋም ለባንኮች፣ ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችና ለንግድ ድርጅቶች በርካታ የሂሳብ ሠራተኞችን አፍርቷል። በደርግ ዘመን ፋብሪካዎችና ባንኮች በመንግሥት ይዞታ ሥር ሲገቡ የእነዚህን ድርጅቶች ሂሳብ የሚመረምር የኦዲት አገልግሎት ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ ብዙ አንጋፋ ኦዲተሮችም በዚሁ ተቋም ውስጥ አልፈዋል። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ፣ የአሁኑ የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ፣ ክልሎች የሚያስፈልጓቸውን ባለሙያዎች ለማሠልጠን ታስቦ የተከፈተ እንደነበር ይታወሳል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ፈጣን ነበር። አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ሲከፈቱ፣ የግል ኮሌጆችም ሲበራከቱ፣ አካውንቲንግ ከማይቀሩት የትምህርት ክፍሎች አንዱ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትምህርቱ ውድ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም፤ መምህር፣ ጥቁር ሰሌዳና መጽሐፍ ካለ ማስተማር ይቻላል። የሥራ ዕድሉም በየመሥሪያ ቤቱ በመኖሩ ፈላጊው ብዙ ነው። በ2001 ዓ.ም. ተግባራዊ መሆን የጀመረውና 70 በመቶ የሚሆኑት ተማሪዎች በሳይንስና ቴክኖሎጂ መስኮች እንዲመደቡ ያደረገው የ70/30 የምደባ ፖሊሲ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበራዊ ሳይንስን ድርሻ ቢቀንስም፣ በማታና በርቀት መርሐ ግብሮች እንዲሁም በግል ተቋማት በአካውንቲንግ ይመዘገብ የነበረው ተማሪ ብዙ ነበር።

በአሁኑ ወቅት የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሩ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ጨምሮ አራት ዓመት ይወስዳል። ተማሪው በሂሳብ አያያዝ መርሆዎች ይጀምራል። እዚህ ላይ ማንኛውም ልውውጥ ሁለት ገጽታ እንዳለው፣ አንዱ ወገን ዴቢት ሲሆን ሌላው ክሬዲት እንደሚሆን፣ የሁለቱ ድምር ምንጊዜም እኩል መሆን እንዳለበት ይረዳል። ቀጥሎ መካከለኛና ከፍተኛ የፋይናንስ ሂሳብ አያያዝ፣ የወጪና የሥራ አመራር ሂሳብ አያያዝ፣ ኦዲት፣ የታክስ ሕግና አሠራር፣ የፋይናንስ ሥራ አመራር፣ የሂሳብ መረጃ ሥርዓት፣ የንግድ ሕግ እያለ ይሄዳል። በኮምፒዩተር ክፍል ደግሞ “ፒችትሪ” በሚባለው ሶፍትዌር ይለማመዳል። ሶፍትዌሩ በአምራቹ ዘንድ ስሙን ከቀየረ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም በኢትዮጵያ ግን በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር እስካሁን በድሮ ስሙ ይጠራል።

ከእነዚህ ሁሉ ኮርሶች መካከል ስለ መንግሥትና ለትርፍ ስላልቆሙ ድርጅቶች ሂሳብ አያያዝ የሚያስተምረው ክፍል አነስተኛ ነው። የቀረው ትምህርት በአብዛኛው የንግድ ድርጅትን መነሻ ያደረገ ነው፤ ትርፍ፣ አክሲዮን፣ የዕቃ ክምችት፣ እርጅና፣ የትርፍ ክፍፍል የሚሉ ጉዳዮችን ይመለከታል። ብዙ ምሩቃን የመጀመሪያ ሥራቸውን የሚጀምሩት ደግሞ ትርፍ በሌለበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በትምህርቱና በሥራው መካከል የሚታየው የመጀመሪያው ክፍተት ይህ ነው።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የንግድ ድርጅት በ4 ሚሊዮን ብር ተሽከርካሪ ገዛ እንበል። ተሽከርካሪው 8 ዓመት ያገለግላል ተብሎ ቢገመትና በመጨረሻ የሚኖረው ዋጋ ለጊዜው ቢተው፣ ድርጅቱ በግዥው ቀን የሚመዘግበው ወጪ የለም። ጥሬ ገንዘብ ቀንሶ በምትኩ ቋሚ ንብረት ይመዘግባል፤ ከዚያ በየዓመቱ 500 ሺህ ብር የእርጅና ወጪ እየያዘ ይሄዳል። ምሩቁ በክፍል ውስጥ በደንብ የተለማመደው ይህንን ነው። ይኸው ተሽከርካሪ በአንድ የመንግሥት ቢሮ ሲገዛ ግን 4 ሚሊዮን ብሩ ገንዘቡ በተከፈለበት የበጀት ዓመት በሙሉ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። ተሽከርካሪው በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ለተጠቃሚው ክፍል ይሰጣል፣ በንብረት መዝገብም ይሰፍራል፤ በሂሳብ ሌጀሩ ላይ ግን ከዚያ በኋላ አይታይም። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ስንት ንብረት እንዳለው ለማወቅ የሂሳብ ሪፖርቱን ማንበብ አይበቃም፣ የንብረት መዝገቡን መመልከትና ቆጠራ ማካሄድ የግድ ነው። የንብረት ክፍሉና የሂሳብ ክፍሉ የማይነጋገሩ ከሆነ የተገዛው ዕቃ ገንዘቡ ወጥቶ፣ ዕቃው ደግሞ ሳይመዘገብ ሊቀር የሚችልበት ቀዳዳ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

መንግሥት የሚጠቀምበት ይህ አሠራር የተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ ሂሳብ አያያዝ ይባላል። መሠረቱ ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ መመዝገብ ሆኖ፣ “የተሻሻለ” ያሰኘው እንደ ተሰብሳቢ፣ ተከፋይና የችሮታ ጊዜ ተከፋይ ያሉ ሂሳቦችን ጨምሮ የሚይዝ መሆኑ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም የወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ንዑስ ፕሮግራም አማካይነት ከነጠላ አመዘጋገብ ወደ ሁለትዮሽ አመዘጋገብ ሲገባ ከፌዴራል እስከ ወረዳ ያለው መዋቅር አንድ ዓይነት የሂሳብ መደብ እንዲጠቀም ተደርጓል። በዚህ መደብ ከ6000 የሚጀምሩት ቁጥሮች የወጪ፣ ከ5000 የሚጀምሩት የዕዳ፣ ከ4000 የሚጀምሩት የሀብትና የዝውውር፣ ከ1000 የሚጀምሩት የገቢ ናቸው። 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 ውሎ አበል መሆኑን የሂሳብ ባለሙያ ያልሆነ የመንግሥት ሠራተኛም ቢሆን በልምድ ያውቀዋል። አዲስ ምሩቅ ግን እነዚህን ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያያቸው ሥራ በጀመረበት ሳምንት ነው። በመጀመሪያ አይቤክስ፣ በኋላም በብዙ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ኢፍሚስ የተባሉትን የመንግሥት የሂሳብ ሶፍትዌሮችም እንዲሁ።

ውሎ አበል ከተነሳ ዘንድ በኦዲት ሪፖርት “ያልተወራረደ ሂሳብ” የሚባለው እንዴት እንደሚፈጠር በዚሁ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ሠራተኛ ለመስክ ሥራ 10 ሺህ ብር ቢወስድ፣ ገንዘቡ በወጣበት ቀን ወጪ አይባልም። በሠራተኛው ስም በተሰብሳቢ ሂሳብ ይያዛል፤ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ሥራው ግን ገና በማስረጃ አልተረጋገጠምና። ሠራተኛው ከመስክ ሲመለስ መመሪያው ባስቀመጠው የጊዜ ገደብ ውስጥ ማስረጃውን አቅርቦ፣ የተረፈ ካለ መልሶ ገቢ ሲያደርግ፣ በስሙ የተያዘው ሂሳብ ይሰረዝና ገንዘቡ በ6231 ወጪ ይሆናል። ማስረጃውን ካላቀረበ ዕዳው በስሙ እንዳለ ይቆያል። ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ የበጀት ዓመት ሲጀምር ሚዛኑ ወደ አዲሱ መዝገብ ይሸጋገራል፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። ሠራተኛው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ቢዛወር፣ ጡረታ ቢወጣ ወይም ከዚህ ዓለም ቢለይ ቁጥሩ በመዝገቡ ላይ ይኖራል። ከዓመታት በኋላ ኦዲተሩ ሲመጣ ያ ገንዘብ ለተባለው ሥራ ይዋል አይዋል የሚያረጋግጥ ሰነድም ሰውም አይገኝም።

በዚህ ሂደት የሂሳብ ባለሙያው ድርሻ መመዝገብ ብቻ አይደለም። የቀድሞውን ያላወራረደ ሠራተኛ ሌላ ቅድመ ክፍያ ሲጠይቅ አይሆንም ማለት ይጠበቅበታል። ጠያቂው የመምሪያ ኃላፊ፣ ባለሙያው ደግሞ ሥራ ከጀመረ ስድስት ወር ያልሞላው ወጣት ሲሆን ይህ ቀላል አይሆንም። ዩኒቨርሲቲ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ያስተምራል፤ ሐቀኝነት፣ ገለልተኝነት፣ ሙያዊ ብቃትና ጥንቃቄ፣ ምስጢር ጠባቂነትና ሙያን የሚያስከብር ጠባይ በዓለም አቀፉ የሙያው ደንብ የሰፈሩት አምስት መርሆዎች ናቸው። ተማሪው ለፈተና ያጠናቸዋል። በሥራ ላይ ግን መርሆዎቹ የሚጸኑት የበላይ ኃላፊው ባለሙያው “ሰነዱ አልተሟላም” ሲለው በሚሰጠው ምላሽ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001 የመንግሥት መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊዎች የውስጥ ኦዲት ሥራ በአግባቡ በሠለጠነ የሰው ኃይል እንዲደራጅ የማድረግ ኃላፊነት የጣለባቸው በከንቱ አይደለም።

ወደ ትምህርቱ እንመለስና፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና መውሰድና ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ይጠበቅበታል። ፈተናው በየተቋሙ የሚሰጠው ትምህርት በጥራት የሚራራቅ መሆኑን ያሳየ ሲሆን፣ ለቀጣሪ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ከነጥብ ውጤት ሌላ ተጨማሪ መመዘኛ ሰጥቷል። በደረጃ የሚመረቁ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችም የብቃት ምዘና ወይም በተለምዶ “ሲኦሲ” የሚባለውን ፈተና ያልፋሉ። ሁለቱም ፈተናዎች የሚለኩት ግን የመነሻ ዕውቀትን ነው። በሂሳብ ሙያ ዓለም ዲግሪ ያለው ሰው ሁሉ “የተመሰከረለት የሂሳብ ባለሙያ” አይባልም። በአማርኛ ለሁለቱም “አካውንታንት” ስለሚባል ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ይድበሰበሳል። የሕግ ምሩቅ ፈቃድ ሳያወጣ ጠበቃ ሆኖ ፍርድ ቤት እንደማይቆም ሁሉ የአካውንቲንግ ምሩቅም ፈቃድ ሳይኖረው የአንድን ድርጅት የኦዲት ሪፖርት መፈረም አይችልም።

ይህንን የሚወስነው የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት አገሪቱ በሕግ የተደነገገ አንድ ወጥ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ አልነበራትም፤ የግል ኦዲተሮችን ፈቃድ የሚሰጠውም ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነበር። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ግምገማ የሙያው ትምህርትም ተቋማዊ አደረጃጀትም ደካማ መሆኑን ጠቁሞ ነበር። አዋጁን ተከትሎ በደንብ ቁጥር 332/2007 የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱ የተመሰከረላቸውን የሂሳብ ባለሙያዎችና ኦዲተሮችን ይመዘግባል፣ ፈቃድ ይሰጣል፣ ሥራቸውን ይከታተላል። ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን የመሳሰሉት የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ድርጅቶች ከ2010 የበጀት ዓመት ጀምሮ ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ በምኅፃሩ አይኤፍአርኤስ የሚባለውን፣ ተከትለው ሪፖርት ማውጣት ጀመሩ።

አይኤፍአርኤስ ያመጣው ለውጥ የፎርም ለውጥ ብቻ አልነበረም። ቀድሞ ብዙው ነገር በተከፈለው ዋጋ ይመዘገብ ስለነበር ሰነዱ በእጅ ካለ ሥራው አለቀ ማለት ነበር። አሁን ባንኩ ከሰጠው ብድር ምን ያህሉ ላይመለስ እንደሚችል አስቀድሞ መገመት፣ ሕንፃው ዛሬ ቢሸጥ ምን እንደሚያወጣ ማወቅ፣ ለሠራተኞች ወደፊት የሚከፈለውን ጥቅም ማስላት ይጠየቃል። ግምቱ ምን ላይ እንደተመሠረተም በጽሑፍ ማብራራት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚመጥን ባለሙያ በቁጥር አናሳ ስለነበር ብዙ ድርጅቶች የውጭ አማካሪዎችን ለመቅጠር ተገድደዋል። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በአካውንቲንግ በሚመረቁባት አገር ባለሙያ ጠፋ መባሉ ግራ ያጋባ ይሆናል፤ ይሁንና የጠፋው ምሩቅ ሳይሆን ከዲግሪው በኋላ ያለውን መሰላል የወጣ ሰው ነው።

መሰላሉ ረጅም ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የሚታወቀው የብሪታንያው የተመሰከረላቸው የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ማለትም የኤሲሲኤ፣ መንገድ ነው። ይህ ለረጅም ጊዜ 13 ፈተናዎችንና የ36 ወራት የሥራ ልምድን የሚጠይቅ ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ ዲግሪ ላላቸው ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች የተወሰኑት ሊቀሩላቸው ይችላል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ክፍያው በፓውንድ ይታሰባል። በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደር ወጣት ይህንን ከኪሱ ከፍሎ፣ ቀን እየሠራ ማታ እያጠና ዳር ማድረስ እንደሚከብደው መገመት አያዳግትም። ባንኮችና ትልልቅ የኦዲት ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ሲከፍሉ ይታያል፤ ወጪውን የሸፈነው ቀጣሪም የግዴታ ውል ያስፈርማል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሁለተኛ ዲግሪ ሠራተኞቻቸውን ለመላክ እምብዛም የማያመነቱ ሲሆን ለሙያ ምስክርነት ፈተና ገንዘብ መመደብ ግን ብዙም አልተለመደም። ሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ያሳድጋል፣ የሙያ ምስክር ወረቀት ግን በሥራ ምዘናው ውስጥ የሚገባውን ቦታ ይዟል ለማለት አያስደፍርም። ሊጤን የሚገባው ነጥብ ነው።

ምሩቃኑ የሚሄዱባቸው መስኮች ብዙ ናቸው። ባንኮች ከፍተኛውን ድርሻ ይወስዳሉ፤ እርግጥ አብዛኛው ምሩቅ ባንክ የሚገባው በሂሳብ ባለሙያነት ሳይሆን በመስኮት ላይ ገንዘብ ተቀባይና ከፋይ ሆኖ ነው። ተምሮት ከመጣው ትምህርት አንጻር ብዙ የሚቀረው ሥራ ቢሆንም የደመወዙ፣ የጥቅማ ጥቅሙና የዕድገቱ ተስፋ ይስበዋል። ኢንሹራንስ፣ ፋብሪካ፣ የእርዳታ ድርጅት፣ ሆቴልና የግንባታ ተቋራጭ ሁሉ የሂሳብ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። በፋብሪካ የሚቀጠር ምሩቅ አንድ ጆንያ ሲሚንቶ ወይም አንድ ጥንድ ጫማ ለማምረት ምን ያህል እንደሚወጣ ያሰላል፤ በእርዳታ ድርጅት ያለው ደግሞ እያንዳንዷን ወጪ ለጋሹ ከፈቀደው የበጀት መስመር ጋር ሲያስተያይ ይውላል።

የታክስ ሕጎች መሻሻልም ሰፊ የሥራ መስክ ከፍቷል። ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል፣ በ1999 ዓ.ም. የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ አጠቃቀም ደንብ ሲወጣ፣ ከዚያም የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እና የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሲታወጁ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ነጋዴ እየበዛ መጥቷል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕጉም በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 በአዲስ ተተክቷል። ይህንን ሁሉ ነጋዴው ብቻውን ሊከታተለው ስለማይችል የአምስትና የአሥር ነጋዴዎችን መዝገብ በአንድ ላይ የሚይዙ፣ በየወሩ መጨረሻ የታክስ ማስታወቂያ ሲሞሉ የሚያመሹ ባለሙያዎች በየከተማው ይገኛሉ። ከዚህ ሥራ ጋር አብሮ የሚነሳው ችግር የሁለት መዝገብ ጉዳይ ነው፤ አንዱ ለባለቤቱ፣ ሌላው ለግብር ሰብሳቢው። ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሁለትዮሽ አመዘጋገብ ይህ እንዳልሆነ ባለሙያው ያውቃል፤ እምቢ ካለ ግን ደንበኛው ሌላ ሰው ያገኛል። በጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጠው የገቢዎች መሥሪያ ቤት የታክስ ኦዲተርም ብዙ ጊዜ የአካውንቲንግ ምሩቅ ነው፤ አንዳንዴም የዚያው የነጋዴው የሂሳብ ሠራተኛ የክፍል ጓደኛ ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ አዲስ ፈላጊ ተጨምሯል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መውጣትን ተከትሎ የኢትዮጵያ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሥራ ጀመረ። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የ10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሽያጭ አቀረበ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፈተ። አክሲዮን የሚገዛ ሰው ድርጅቱን የሚያውቀው በሂሳብ መግለጫው ነው። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር መክፈቱም በአይኤፍአርኤስ የተካኑ ባለሙያዎችን የሚፈልገውን ወገን ያበዛዋል። እነዚህ ሁሉ ቀጣሪዎች ባለሙያውን የሚፈልጉት ልምድ ካካበተ በኋላ ነው። ልምዱን በየት ያካበተው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሆናል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ልምድ ይቀጥራል፣ ያስተምራል። ባለሙያው የሂሳብ መደቡን፣ መመሪያውን፣ የባንክ ማስታረቁን፣ የበጀት ዓመት አዘጋጉን በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ሲያውቅ ማስታወቂያ ይመለከታል። በወረዳ ደረጃ ጉዳቱ ይከብዳል። በወረዳ የበርካታ ጽሕፈት ቤቶች ሂሳብ በአንድ ላይ በፑል ስለሚሠራ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ሲለቅ የትምህርት፣ የጤናም ሆነ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ክፍያ አብሮ ሊዘገይ ይችላል። ክፍት ቦታው እስኪሞላ ድረስ የቀሩት ሥራውን ይደርባሉ፤ መደረቡ ደግሞ በሂሳብ ሥራ ውስጥ ከሌላው ሥራ የተለየ አደጋ አለው። ክፍያን የሚያጸድቅ፣ ገንዘቡን የሚይዝና ልውውጡን የሚመዘግብ ሰው ሦስት የተለያዩ ሰዎች እንዲሆኑ የሚፈለገው አንዱ የሌላውን ስሕተትም ሆነ ጥፋት እንዲያይ ነው። ሰው ጎደለ ተብሎ መዝጋቢው ካዝናውንም ደርቦ ሲይዝ፣ ሰውየው የቱን ያህል ታማኝ ቢሆን ያ ቁጥጥር ጠፍቷል። የባንክ ሂሳብ ማስታረቅን ቼኩን ያዘጋጀው ሰው ራሱ ሲሠራውም እንደዚሁ ነው።

ሠራተኛው ሲለቅ የሚደረገው ርክክብ ሌላው ጉዳይ ነው። ንብረት ያዥ ሲለቅ ዕቃ ይቆጠራል፣ ገንዘብ ያዥ ሲለቅ ካዝና ይቆጠራል። የሂሳብ መዝጋቢ ሲለቅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚረከበው የኮምፒዩተር መለያ ቃልና የፋይል መደርደሪያ ቁልፍ ነው። በዚያ ቀን መቆጠር የሚገባቸው የተሰብሳቢና የተከፋይ ሂሳቦች ሚዛን በዝርዝር፣ በእያንዳንዱ ሰው ስም፣ ከነቀኑና ከነሰነዱ ቁጥር ነው። የለቀቀው ባለሙያ ማንኛው ዕዳ ለምን እንደቆየ በቃሉ ያውቃል። አንዱ ሰነዱን አቅርቦ ሳይመዘገብለት ቀርቶ ይሆናል፣ አንዱ ክስ ላይ ነው፣ ሌላው በደመወዙ እየተቆረጠ ነው። ይህ በጽሑፍ ካልሰፈረ በቦታው የሚተካው አዲስ ምሩቅ የሚያገኘው ስምና ቁጥር ብቻ ይሆናል። የሰኔ 30 ሚዛን ሲዘጋ ያንኑ ቁጥር ወደ ሐምሌ 1 ያሸጋግራል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ መሥሪያ ቤቱን ጠርቶ ስለዚያ ቁጥር ሲጠይቅ በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው የበላይ ኃላፊው ነው።